ነጭ ቤት በጀሪካን ሲለካ፦ ከጎንደር የአንድ ቤት ጉዳይ ጥናት

መነሻ

"ቤቴን ሙሉ ለሙሉ ነጭ ላደርገው ነው፣ ያዋጣኛል?" የሚለኝ ሰው በዝቷል። ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ያሳየኛል። ነጭ ግድግዳ፣ ነጭ ሶፋ፣ ነጭ ወለል፣ ጥግ ላይ አንድ አረንጓዴ ተክል። ፎቶው ውስጥ ሰው የለም። ጀበናም የለም።

እኔ ጎንደር ውስጥ የቤት ፊኒሺንግ ነው የምሠራው። ስቱኮ፣ ቀለም፣ ኮርኒስ፣ ሴራሚክ። ለጥያቄው አጭር መልስ የለኝም። በምትኩ ማራኪ በሚባለው ሰፈር ያለ አንድ ቤት ታሪክ አለኝ። ባለቤቶቹ እንድጽፈው ፈቅደዋል፤ ማንነታቸውን የሚያሳውቅ ነገር ትቻለሁ። ሥራው ከጥቅምት እስከ የካቲት 2011 ዓ.ም. ወሰደ። ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ያህል እየተመላለስኩ አይቼዋለሁ።

ቤቱና ሰዎቹ

ቤቱ የብሎኬት ነው፤ ቆርቆሮ ክዳን፣ አንድ ሳሎን፣ ሦስት መኝታ ቤት። ወጥ ቤቱ ከጓሮ ነው። አምስት ሰው ይኖርበታል። ባልና ሚስት፣ የዘጠኝና የአራት ዓመት ልጆች፣ የባልየው እናት። እናትየውን እኔም እንደ ቤተሰቡ እማማ እላቸዋለሁ። በቀን ሦስት ጊዜ ቡና ያፈላሉ፣ ጎረቤትም ይጠራሉ። ሳሎኑ የሳቸው ነው ማለት ይቻላል።

ነጭ ቤት የፈለገችው የቤቱ እመቤት ናት። ዱባይ ሰባት ዓመት የሰው ቤት ሠርታለች። መጀመሪያ ቀን የነገረችኝን አልረሳውም፦ "ወንድሜ፣ ሰባት ዓመት የሰው ነጭ ቤት ሳጸዳ ኖሬያለሁ። አሁን የራሴን ላጽዳ።"

ይህን የሰማ ሰው "እህቴ፣ ቡኒ ይሻልሻል" ብሎ አይከራከርም። እኔም አልተከራከርኩም።

ችግሩ

እኔ የተጠራሁት ቤቱ አንዴ ነጭ ከሆነ በኋላ ነው። ከዓመት በፊት ሌላ ሰው ሠርቶት ነበር። "ዘይት ቀለም ይሁን፣ ይታጠባል" ተብላ ግድግዳው በሙሉ በዘይት ቀለም ተቀባ። ያውም በሐምሌ፣ ልስኑ ገና ሳይደርቅ። ወለሉ ባለ 60 በ60 የሚያብለጨልጭ ነጭ ሴራሚክ፣ በሴራሚኮቹ መሃል ያለው መሙያ፣ ቦያካው፣ ነጭ። ሶፋው ነጭ ሰው ሠራሽ ቆዳ። አምፖሎቹ ጭልጥ ያሉ ነጭ።

እኔ ስገባ የነበረው ይኸ ነው። የግድግዳው የታችኛው ክፍል፣ ከወለሉ እስከ ወገብ ድረስ፣ እንደ እንጀራ ዓይን አውጥቷል። ጣቴን ስጭነው ይፈነዳና ከውስጡ ነጭ ዱቄት ይረግፋል፤ ውሃው ከግድግዳው እየጎተተ ያወጣው ጨው ነው። ቦያካው የጭቃ መልክ ይዟል። ሶፋው ላይ የትልቁ ልጅ ጂንስ ሰማያዊ ጥላ ጥሎ ቀርቷል፤ የጂንስ ማቅለሚያ ሰው ሠራሽ ቆዳ ውስጥ ከገባ አይወጣም።

እመቤቲቱን ከሁሉ ያሳዘናት ግን ሌላ ነበር። ቁምሳጥኑን ሳብ አድርጋ አሳየችኝ። ከጀርባው ግድግዳው ላይ በቁምሳጥኑ ልክ ቢጫ አራት ማዕዘን ታትሟል። "ጭስ ነው?" አለችኝ። ጭስ አልነበረም። ዘይት ቀለም ብርሃን በማያገኝበት ቦታ በራሱ ጊዜ ይቢጫል። ከሥዕል ጀርባ፣ ከመጋረጃ ጀርባ፣ ከቁምሳጥን ጀርባ። ይህን የሚያውቅ ሰው የመኝታ ቤት ግድግዳ ነጭ ዘይት ቀለም አይቀባም።

ከዚያ ደግሞ ውሃ አለ። ሰፈሩ ውስጥ ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። ታንከሩ ካለቀ ጀሪካን ነው። ነጭ ቤት ደግሞ ውሃ ይጠጣል።

አንድ ቅዳሜ ተቀምጦ ማየት

ዋጋ ከመናገሬ በፊት አንድ ቀን እንድቀመጥ ጠየቅኩ። ባልየው ግራ ገባው። እማማ ግን ደስ አላቸው፣ ቡና የሚጠጣ ሰው ተገኘ።

ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ማታ 12 ሰዓት ቆየሁ። በእጄ የወረቀት ፕላስተር ይዤ ነበር። ሰው የነካው፣ የተደገፈው፣ የረገጠው ቦታ ላይ ቁራጭ እለጥፋለሁ። ማታ ሳየው ፕላስተሩ የተጠራቀመው በጥቂት ቦታዎች ነው። የበሮቹ እጀታ ዙሪያ። ማብሪያ ማጥፊያዎቹ። የመግቢያው በር ውስጥ ሁለት እርምጃ ያህል ወለል። ቡናው ከሚፈላበት በላይ ያለው ኮርኒስ። እና እማማ ጭንቅላታቸውን የሚያስደግፉባት አንዲት የግድግዳ ክፍል። እማማ ፀጉራቸውን ቅቤ ይቀባሉ። እዚያች ቦታ ላይ ክብ፣ የሚያብረቀርቅ ምልክት አለ። እመቤቲቱ በየሳምንቱ ትፍቀዋለች፤ ምንም አትልም። ሌላው ግድግዳ፣ ማለትም አብዛኛው ግድግዳ፣ ማንም አልነካውም።

ያን ቀን የቤቱ ጽዳትም ነበር። ቆጠርኩ። ዘጠኝ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አለቀ። ከዘጠኙ ስድስቱ ወለሉ ላይ ፈሰሰ።

እስከዚያ ድረስ እኔም እንደ ሌላው ሰው የማስበው ስለ ግድግዳ ነበር። ከዚያች ቅዳሜ በኋላ ግን የምጠይቀው ሌላ ጥያቄ ሆነ፦ ይህ ነጭ በሳምንት ስንት ጀሪካን ይፈልጋል? የሚከተሉትን ውሳኔዎች ሁሉ በዚህ ነው የመዘንናቸው።

መጀመሪያ አፈሩ

ቀለም ከመንካታችን በፊት ከቤቱ ጀርባ ዞርን። ባለፈው ሥራ የተረፈ አፈር ግድግዳው ላይ ተደግፎ ከውስጡ ወለል ከፍ ብሏል። የአሸንዳው መውረጃ ደግሞ ግድግዳው ሥር ያበቃል። የክረምቱ ዝናብ በሙሉ የሚገባው እዚያ ነው። ግድግዳው ያንን ውሃ እንደ ክር ወደ ላይ ይስበዋል። ከላዩ የተቀባው ዘይት ቀለም ደግሞ አያስወጣውም። እንጀራ ዓይኑ የመጣው ከዚህ ነው።

አፈሩን አነሳን። ግድግዳውን ተከትለን ቦይ ቆፍረን ጠጠር ሞላንበት። አሸንዳውን አርቀን ወደ መንገዱ መለስነው። ከውስጥ ያበጠውን ልስን እስከ አንድ ሜትር ቁመት አራገፍነው። ጨዉን በውሃ ማጠብ አይገባም፤ ይሟሟና ተመልሶ ይገባል። በደረቅ ብሩሽ ነው የሚጠረገው።

ከዚያ መጠበቅ ነበር። ኅዳርና ታኅሣሥ፣ ሁለት ወር፣ ብሎኬቱ እርቃኑን ቆመ። ይህ ክፍል ከሁሉ የከበደ ነው፣ ለኔም ለነሱም። እመቤቲቱ በሳምንት ሁለት ጊዜ ትደውላለች። "ወንድሜ፣ ቤቴን አፍርሰህ ጠፋህ እኮ!" እኔ እየሄድኩ ትንሽ ላስቲክ በፕላስተር ግድግዳው ላይ እለጥፍና በማግሥቱ አያለሁ። ከላስቲኩ ጀርባ ላብ ካለ ግድግዳው ገና ነው። ላቡ የጠፋው በታኅሣሥ መጨረሻ ነው።

የታችኛውን ክፍል ኖራ በዛ ባለበት ልስን መለስነው። ሲሚንቶ ብቻ ቢሆን እርጥበቱን ያፍነው ነበር። ባልየው "ኖራ ድሮ ቀረ" ብሎ ሊከራከረኝ ሲል እማማ ቀደሙኝ፦ "ፋሲል በምን የተሠራ መስሎሃል?" እውነታቸውን ነው። የግንቡ ድንጋይ በኖራ ነው የተያያዘው፤ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ስንት ክረምት አሳልፏል።

የትኛው ነጭ?

ሱቅ ሄዶ "ነጭ ስጠኝ" ማለት ቀላል ይመስላል። በሦስት ሰሌዳ ላይ ሦስት ዓይነት ነጭ ቀብቼ አመጣሁ። እመቤቲቱ መምረጥ አቃታት፤ ሁሉም ነጭ ነው። ያኔ እማማ የተቀመጡበትን ጋቢ ለመንኳቸውና ከሰሌዳዎቹ ጎን ሰቀልኩት።

ልዩነቱ ወዲያው ታየ። ከመጀመሪያው ሰሌዳ ጎን ጋቢው የቆሸሸ መሰለ። የሰሌዳው ቀለም ወደ ሰማያዊ ያዘነበለ ነጭ ነው። ሁለተኛው ወደ ክሬም ሄዶ ነበር። ሦስተኛው፣ ጠብታ ቢጫና ጠብታ ጥቁር የገባበት፣ ከጋቢው ጋር ተስማማ። እሱን መረጥን። በዚህ ከተማ ቤት ውስጥ ሁልጊዜ የሚኖር ነጭ ካለ ጥጥ ነው፤ ጋቢ፣ ነጠላ፣ ኩታ። የጥምቀት ዕለት ሰው ሁሉ ነጭ ለብሶ ከቤቱ ሲወጣ ግድግዳው ልብሱን የሚያጠይም ከሆነ ምኑን ነጭ ቤት ሆነ?

ሰሌዳዎቹን በጠዋት፣ ከቀትር በኋላ፣ ማታም በመብራት አየናቸው። ማታ ሁሉም አመድ መሰሉ። ጥፋቱ የአምፖሉ ነበር። ካርቶኑ ላይ 6500 ኬልቪን ይላል፤ ወደ ሰማያዊ ያዘነበለ ቀዝቃዛ ብርሃን ነው። "ማታ ማታ ክሊኒክ የተኛሁ ነው የሚመስለኝ" ያለችው እመቤቲቱ ልክ ናት። ወደ ቢጫ ባዘነበለው፣ በ3000 ቀየርናቸው። ከሁሉም ሥራ ርካሹ ይኸ ነበር፣ ከሁሉም በላይ የተወደደውም ይኸው ነው።

ሌላው የብርሃን ጉዳይ የወለሉ ነጸብራቅ ነው። የሳሎኑ ትልቅ መስኮት ወደ ደቡብ ነው። ጎንደር ላይ የቀትር ፀሐይ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ በሰሜን በኩል ትሆናለች። በቀረው ጊዜ በደቡብ ነች። ከኅዳር እስከ ጥር ደግሞ ዝቅ ስለምትል በደቡብ መስኮት ገብታ የሚያብለጨልጨውን ሴራሚክ ትመታለች። ዓይን ያማል። ስስ የጥጥ መጋረጃ ሰቀልን። በቃ።

ቀለሙ ላይ አንድ ስህተት ሠርቻለሁ። ከወገብ በታች ሊታጠብ የሚችል ፕላስቲክ ቀለም፣ ከወገብ በላይ ደብዘዝ ያለ፣ የማያብረቀርቅ የውሃ ቀለም አልኩ። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ግን ቀለሙ አነሰኝና ሌላ ባልዲ አመጣሁ። ያው ቁጥር፣ ያው ስም፣ ሌላ ጊዜ የተበጠበጠ። ሲደርቅ ጥግ ላይ ሁለት ነጭ ተያየ። ነጭ ላይ ይህ አይደበቅም። ሙሉ ግድግዳ በራሴ ኪሳራ ደገምኩ። አሁን ሁሉንም ባልዲ መጀመሪያ በአንድ በርሜል እቀላቅላለሁ።

ነጭ ያልሆነው

ክርክራችን በሙሉ እዚህ ላይ ነው። እኔ ዞኮሎው፣ ማለትም ወለሉን ተከትሎ በግድግዳው ግርጌ የሚዞረው ጠርዝ፣ እና በሮቹ ነጭ አይሁኑ አልኩ። እመቤቲቱ "ሁሉም ነጭ ነው ያልኩህ" አለች። የፕላስተሩን ቁራጮች አስታወስኳት። የእጀታውን ዙሪያ የምታጥበው እሷ ናት። ትንሽ አሰበችና ተስማማች፤ በሮቹ ጠቆር ያለ ግራጫ፣ ዞኮሎውም እንደዚያው። ዞኮሎ መወልወያው በየቀኑ ቆሻሻ ውሃ የሚረጭበት ቦታ ነው።

ወለሉን ማፍረስ አልፈለጉም፤ ገንዘቡም አልነበረም። ስለዚህ ነጩን ቦያካ በብረት ፍቀን አወጣንና በጥቁር ግራጫ ሞላነው። አድካሚ ሥራ ነው፣ ጉልበት ይጨርሳል፣ ሁለት ሠራተኞች ሦስት ቀን ሠሩበት። መግቢያው ላይ ሁለት እርምጃ ያህል ሴራሚኩን አንስተን ሻካራ ጥቁር ድንጋይ አነጠፍን። ጎኑ ላይ አግዳሚ ወንበርና የጫማ መደርደሪያ አደረግን። ጭቃው እዚያ ይቀራል። ነጩ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ሶፋው ተሸጠ። በምትኩ የእንጨት ሶፋ ገዝተው ተነቃይ የጥጥ ልብስ በሁለት ቅያሪ አሰፉለት።

ያልሠራው

የመጀመሪያው ውድቀት የቡናው ነው። እኔ በረንዳውን ጥሩ አድርጌ አሰናዳሁ። ለረከቦቱ ቦታ፣ መቀመጫ፣ ጥላ። ጭሱ ውጭ ይቀራል ብዬ በራሴ ኮራሁ። እማማ ሁለት ሳምንት ታገሱኝ። በሦስተኛው ሳምንት ረከቦቱ ሳሎን ነበር። "ልጄ፣ ለቅሶ ነው እንዴ ውጭ ቡና የምናጠጣው?" አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ሁለተኛው መፍትሔ ከሳቸው ጋር ተነጋግረን የመጣ ነው። ከሰሉ ውጭ ይቀጣጠላል፤ ጭሱ አልቆ ሲቀላ ይገባል። የማይታየው የከሰል ጋዝ ግን አሁንም ስላለ መስኮቱ ይከፈታል። ቡናው በረንዳው በር ላይ ይቆላል፤ ኮርኒሱን የሚያቢጨው በዋናነት ከሚቆላው ቡና የሚወጣው ቅባት ያለው ጭስ ነው። ምጣዱ ወደ ሳሎን የሚገባው ለእንግዳው ለማሽተት ነው፣ እንደ ደንቡ። ረከቦቱ ከመስኮቱ ሥር ሆነ። ከበላዩ ያለውን የኮርኒስ ክፍል በጣውላ ከፋፍለን ለብቻው አደረግነው። ሲጠቁር እሱ ብቻ ይቀባል።

ሁለተኛው ውድቀት የሶፋው ልብስ። ጨርቁ ከመቆረጡ በፊት መታጠብ ነበረበት። እኔ ይህን ለሰፊው ልነግረው ይገባ ነበር፣ አልነገርኩትም። በመጀመሪያው እጥበት ጥጡ ተሰበሰበና አንዱ ቅያሪ አልገባ አለ። ትራስ ልብስ ሆኖ ቀረ።

ሦስተኛው በጥምቀት የሆነ ነው። እንግዳ አልጫ ሶፋው ላይ ደፋ። የእመቤቲቱ እህት ደንግጣ በሳሙና አሸችው። ቢጫው ዓይናችን እያየ ቀይ ሆነ! ሴቶቹ ጮሁ። እርድ ሳሙና ሲነካው ይቀላል፤ ጨርቁ የተበላሸ ይመስላል እንጂ አልተበላሸም። እመቤቲቱ ሎሚ ጨመቀችበት፣ ወደ ቢጫ ተመለሰ። ከዚያ አጥባ ፀሐይ ላይ አሰጣችው። የጎንደር የጥር ፀሐይ ሁለት ቀን በልታ ጨረሰችው። እርድን ፀሐይ በደንብ ታለቅቀዋለች። በረኪና እንዳትጨምር አስቀድማ ታውቅ ነበር፤ ጥጡን ያሳሳል፣ ፖሊስተር ክር ካለበት ያንን ያቢጨዋል። ዱባይ የተማረችው ነው። እኔ ከሷ ነው የተማርኩት።

የልጆቹ ክፍል ሙሉ በሙሉ ከሽፏል። የትንሿ ልጅ እርሳስ ከኔ ቀለም ፈጣን ነው። ሁለቴ ቀባሁ፣ ከዚያ እመቤቲቱ "ተወው፣ እስክታድግ የሷ ይሁን" አለች።

ከዓመት በኋላ

በጥር 2012 ሄጄ ሌላ ቅዳሜ ተቀመጥኩ። አራት ጀሪካን። ከዘጠኝ አራት። ወለሉ በሁለት ያልቃል፣ ምክንያቱም ቦያካውን ማንም አይፈቅም፣ ጭቃውም በሩ ላይ ይቀራል። የግድግዳው ግርጌ አንድ ክረምት አልፎበት ደህና ነው፤ ጀርባው ላይ አንድ ጥግ ትንሽ ጨው አሳይቷል፣ በብሩሽ ጠርገነዋል። ከቁምሳጥኑ ጀርባ ነጭ ነው።

ለሌላ ቤት

ለሚጠይቁኝ ሰዎች አሁን የምላቸው ይህን ነው። ቀለም ከመምረጥ በፊት አንድ የጽዳት ቀን ቁጭ ብሎ ውሃውን መቁጠር። እጅና እግር የሚነካውን ጥቂት ቦታ ለይቶ እዚያ ነጭ አለመቀባት፤ ሌላው ግድግዳ ብዙም አይቸገርም። እርጥበት ካለ ክረምቱ ከወጣ በኋላ መጀመር፣ ልስኑ ቢያንስ አራት ሳምንት ሳይሞላው ቀለም አለማስነካት፤ ብሎኬቱ ውሃ ጠጥቶ ከነበረ ደግሞ ካሌንደር ሳይሆን ላስቲኩን ማመን። ነጩን ከጨርቅ ጋር፣ ከራስ ጋቢ ጋር እያስተያዩ መምረጥ። እና ቤቱ ውስጥ ከሁሉ በላይ የሚቀመጠውን ሰው መጀመሪያ መጠየቅ። እኔ እማማን መጨረሻ ላይ በመጠየቄ አንድ በረንዳ ከስሬያለሁ። በረንዳው አሁን የልብስ ማስጫ ነው።

የቅቤዋን ቦታ ማንም አልፈታትም ነበር። ሊታጠብ በሚችል ቀለም ቀባን፣ ግን እየታሸ ሲሄድ ያቺ ቦታ ብቻ ማብረቅ ጀመረች። በመጨረሻ እማማ ራሳቸው አሮጌ ኩታ አጥፈው፣ ጥበቡን ወደ ታች አድርገው፣ ሁለት ሚስማር ላይ ሰቀሉበት። ቅዳሜ ቅዳሜ ይታጠባል። የሚመጣ እንግዳ ሁሉ ለጌጥ የተሰቀለ ይመስለዋል። የቀለሙን ቁጥርና የጠብታዎቹን መጠን ደግሞ ከኩታው ጀርባ፣ ግድግዳው ላይ፣ በእርሳስ ጽፌዋለሁ።